ከጉድጓዱ የወጣው ቁጥር

ጥቅምት ፯

ይድረስ በዕድሜ ለሚያንሱኝ፣ በማዕረግ ግን ለሚበልጡኝ ለተከበሩ አክስቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከእርስዎ ናፍቆትና ከእማዬ ጉልበት በቀር የሚያመን ነገር የለም። እማዬ «ታናሽ እህቴን አንቱ እያልክ አትቀልድባት» ትለኛለች። አፈር ፈጭተን ውሃ ተራጭተን አብረን ያደግን አክስቴን እኔ አንቱ ካላልኩ ማን ይልልኛል?

ወሬ ልንገርዎ። የዓሣ ማስፈልፈያችን ዘንድሮም በጫጩት ቁጥር አንደኛ ወጣ። ይኸው አራተኛ ዓመቱ። ስልሳ ሺህ ጫጩት ለኩሬ ባለቤቶች አከፋፈልን። ኃላፊያችን የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አስደርጎ ቢሮው ውስጥ ሰቅሎታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ቆጣሪውን ጥሩልኝ» እያለ ያስጠራኛል፤ እኔም እጄን ሱሪዬ ላይ ጠርጌ እጨብጣለሁ።

ቤታችን ያው የመሥሪያ ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። እማዬ አልጋዋን ወደ መስኮቱ አስጠግቼላት ቀኑን ሙሉ ግቢውን ስትጠብቅ ትውላለች። ፓምፑ ሲጮህ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ ሲቆም ደግሞ «ምን ሆነ?» ብላ ትደነግጣለች። የውሃ መሳቢያው እኛ ሳንወለድ የተሠራ ነው። አፉ ላይ ያለው የብረት ፍርግርግ አውራ ጣቴን ያሳልፋል፣ ስለዚህ ወንዙ ያመጣለትን ሁሉ ይውጣል። እርስዎ ባሕር ማዶ ወንፊት ሠሪ ሆነዋል አሉ። ለዘመድ የሚተርፍ አንድ ወንፊት አይጠፋምና ወርወር ያድርጉልን እንጂ!

አጥማጁ ታላቅ ወንድሜ በዚሁ ወንዝ መረቡ ባዶውን እየወጣ ተቸግሯል። «የመረቤ ዓይን ሰፍቶ ነው» ይላል። ጠበብ ያለ መረብ መግዣ ቢልኩለት እድሜ ልኩን ሲመርቅዎ ይኖራል።

ፈጣሪ በሰው አገር ሞገስ ይስጥዎ፤ የእጅዎን ሥራ ይባርክልዎ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር ፲፪

ለሽማግሌው የእህቴ ልጅ፤

እንዳንተ ሰላምታ ማሽሞንሞን አላውቅበትም። ፈጣሪ ከነቤትህ ይጠብቅህ፤ እህቴን ጉልበቷን ሳምልኝ፣ ቀስ ብለህ።

አንተ ለቀልድ የወረወርካትን ነገር እኔ አንስቼ ሮጥኩባት። የምሠራበት ወርክሾፕ በየዓመቱ አንድ ወንፊት ሠራተኛ ለጠቆመው ቦታ በነጻ ይሰጣል። እስከ ዛሬ ጠቁሜ አላውቅም፤ የምጠቁመው ወንዝ አልነበረኝም። ዘንድሮ እጄን አወጣሁ።

ሥራዬን እናትህ እንደምትነግርህ የወጥ ቤት ወንፊት አታድርገው። ጠንካራ ሽቦ ጎን ለጎን እየተደረደረ እንደ ትልቅ ከበሮ ይበየዳል። እኔ በየክፍተቱ ቀጭን መለኪያ እያስገባሁ እፈትሻለሁ፤ ከሁለት ሚሊሜትር ካለፈ ወደ በያጁ እመልሰዋለሁ። በያጆቹ ስመጣ ሲያዩኝ ፊታቸው ይጠቁራል። ከበሮው የተለቀው ውሃው ቀስ ብሎ እንዲገባ ነው። ውሃው ቀስ ካለ የወንዙ ደቃቅ ዓሣ ተስቦ አይጣበቅም፣ ዋኝቶ ይሄዳል።

አለቃዬ «ሰውየው ለወንዙ ዓሣ ግድ አለው?» ብሎ ጠየቀኝ። «የእህቴ ልጅ ነው፤ ዋሽቶ አያውቅም፤ እኔ እፈርምለታለሁ» አልኩ። ፈረምኩም።

ከዚህ ጋር ያለውን ቅጽ ሙላልኝ። የአፉ ስፋት፣ የፓምፑ ጉልበት፣ ሌላውም ቀላል ነው። አንዷን መስመር ግን ጠንቀቅ ብለህ ሙላት፤ «ውሃው ወደ ፓምፑ ከመሄዱ በፊት በሚጠራቀምበት ጉድጓድ ውስጥ በቀን ስንት የወንዝ ዓሣ ይገባል? የገባውስ ምን ይደረጋል?» ትላለች። ውሳኔው የሚሰጠው በእሷ ነው።

ለወንድምህ የመረብ መግዣ ልኬአለሁ። ምርቃቱን በደብዳቤ ይላክልኝ።

በሁለት ዓመት የምታንስህ አክስትህ


ጥር ፳፬

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፤

እንደምን ከረሙ? ዝምታዬን ከጥጋብ አይቁጠሩብኝ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ ከዚያ ፖስታ ቤቱ ታደሰ፤ ከዚያ ደግሞ እንዲያው ቀኑ ሄደ።

ቅጹን ሞልቼ ልኬአለሁ። የአፉን ስፋት ሁለት ጊዜ ነው የለካሁት። ያቺን አንዷን መስመር ግን ለጊዜው ዘልያታለሁ። ወንዙ ዛሬ የሚያመጣው ነገ ከሚያመጣው አይገጥምም፤ የማይሆን ቁጥር ጽፎ ከመሳሳት ዝም ማለት ይሻላል ብዬ ነው። ደግሞ ሳስበው ሳስበው ከእኛ የባሰበት ቦታ አይጠፋም። የእኛው መሳቢያ ያረጀ ቢሆንም ጠባዩን ለምደነዋል። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይባል የለ።

ስለዚህ የወንፊቱ ነገር ይቅርና፣ ካላስቸገርኩዎ ለእማዬ ጉልበት የሚቀባ መድኃኒት፣ ለእኔም እስከ ጭን የሚደርስ የጎማ ቡት ቢልኩልን። የእኔው ውሃ ማስገባት ጀምሯል።

ወንድሜ መረቡን ገዝቷል። እንዴት ያለ መረብ መሰለዎ! ግን ያው ባዶውን ይወጣል። አሁን ደግሞ «ጀልባዬ ነው ገደቢሱ» ማለት ጀምሯል። አጠገቡ ተቀምጬ አዳምጠዋለሁ።

ፈጣሪ ያሰቡትን ይሙላልዎ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት ፲፱

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታዬን እንደ ደረሰህ ቁጠረው፤ ዛሬ ተቆጥቻለሁ።

አንተ ሰውዬ፣ ስልሳ ሺህ ጫጩት ስትቆጥር ያልተሳሳትክ አንድ ጉድጓድ ውስጥ የገባውን መቁጠር እንዴት አቃተህ? ቅጹ ከነባዶ መስመሩ ፊቴ ተቀምጧል። አለቃዬ በየሰኞው «ያ ዘመድሽ መለሰ?» ይለኛል። ወንፊቱ ደግሞ መስመሯ ትሞላለች ተብሎ በእኔ ፊርማ ተጀምሯል፤ በላክኸው ልክ ስለምንበይደው ለሌላ ቦታ አይሆንም። «ይቅር» የሚባል ነገር አልፏል።

እሑድ እህቴ ጋ ደወልኩ። አንተ ገበያ ሄደህ ነበር። ስለ ጉልበቷ ብጠይቃት ስለ አንተ ድካም አወራችኝ። «ጠዋት ጠዋት ከጉድጓዱ በባልዲ እየቀዳ ኩሬው ውስጥ ይደፋል፤ ይመለሳል፣ ደግሞ ይቀዳል። ያን የሚያህል ፓምፕ እያለለት ለምን በእጁ ውሃ እንደሚያመላልስ እንጃለት፤ ወገቡ ሊቆረጥ ነው» አለችኝ።

እኔም እንጃ። ባልዲው ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ጠይቄሃለሁ። በቡትና በጉንፋን አታሳልፈኝ።

መድኃኒቱን ልኬአለሁ፤ ጠዋትና ማታ እንድትቀባው።

አክስትህ


ሚያዝያ ፮

አክስቴ፤

ዛሬ አንቱ አልልሽም። ለቀልድ የሚሆን አቅም የለኝም። ደብዳቤሽን ኪሴ ውስጥ ይዤ ስድስት ሳምንት ዞርኩ።

ባልዲው ውስጥ ያለው ዓሣ ነው። የወንዙ ጫጩት።

አንደኛ በወጣንበት በመጀመሪያው ዓመት ዕንቁላላችን ሻገተ። ገንዳዎቹን ስከፍት ሁሉም ጥጥ የለበሰ ይመስል ነበር። ቁጥር አስረክቡ የምንባልበት ቀን ደርሷል። ወደ መሳቢያው ጉድጓድ ብወርድ ደግሞ በፍርግርጉ ሾልኮ የገባው የወንዝ ጫጩት ከዳር እስከ ዳር ይርመሰመሳል። ሌላ ጊዜ እዚያው ተጨናንቆ ያልቃል፣ እኔም ሬሳውን በአካፋ እጠርጋለሁ። የዚያን ቀን ግን አሳዘነኝ። እውነቴን ነው አክስቴ፣ መጀመሪያ ላይ ያነሳሳኝ ማዘን ነው። መረብ አስገብቼ በባልዲ በባልዲ አወጣሁት። ወንዙ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ዳገት አለው። ኩሬው ግን አሥር እርምጃ ነው። ለጊዜው ኩሬው ውስጥ ደፋሁት። ነገ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር።

በማግስቱ ኃላፊው መጥቶ ኩሬውን አየና «ተፈለፈለልን ማለት ነው!» ብሎ አቀፈኝ። በአሥራ ሁለት ዓመት አቅፎኝ አያውቅም። አይደለም ማለት አቃተኝ። የእኛና የወንዙ ጫጩት ዘሩ አንድ ነው፣ የወለደችውም አትለየው። ቆጠርኩት።

በዓመቱ «ካለፈው ዓመት ማነስ አይቻልም» ተባለ። ባልዲውን አነሳሁ። ከዚያ ወዲህ ከስልሳው ሺህ ውስጥ የእኛ አራት ወይ አምስት ሺህ ቢሆን ነው። ሌላው ከወንዙ የተሰረቀ ነው።

ያቺን መስመር «ብዙ ይገባል» ብዬ ብሞላት «ታዲያ የት ሄደ?» ይሉኛል። «ምንም አይገባም» ብል ወንፊቱ ለምን ያስፈልገዋል ይላሉ። ወንፊቱ ከገባ ደግሞ በአንድ ዓመት እራቆቴን እቀራለሁ። ከሥራው ከተባረርኩ ቤቱ የእኔ አይደለም፤ እማዬን ከነአልጋዋ ተሸክሜ የት እገባለሁ? በየትም በኩል ብዞር ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ወንድሜን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል። የእሱን መረብ ባዶ ያደረግኩት እኔ ነኝ። በገዛ ብርሽ መረብ ሲገዛ ዝም ብዬ አየሁት። አፈርኩ አክስቴ። በጣም አፈርኩ።

የእህትሽ ልጅ


ሚያዝያ ፳፰

ለእህቴ ልጅ፤

ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ፣ ጎረቤቴ ግድግዳውን እስኪደበድብ ድረስ ሰደብኩህ። ሲደክመኝ ተቀምጬ አለቀስኩ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይላሉ፤ ጎርጓሪዋ እኔ ነኝና ማንን ልውቀስ?

አሁን ደግሞ የእኔን ስማ። ደብዳቤህ በደረሰኝ በሦስተኛው ቀን አለቃዬ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ «ዛሬ ያቺ መስመር ካልተሞላች አይጫንም» አለኝ። እስክሪብቶ አንስቼ «ብዙ ይገባል፤ ሰውየው በየቀኑ በባልዲ ያወጣቸዋል» ብዬ ሞላሁ። ውሸት የለበትም። የት እንደምትደፋቸው ግን አልጻፍኩም። አነበበና «ደግ ሰው ነው» አለ። አንገቴን ደፋሁ። እዚህ የምኖርበት ፈቃድ በዚህ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ በሐሰት ከፈረምኩ ሥራውም ፈቃዱም የለም። ስለዚህ አንተን ስሰድብ ግማሹ ስድብ የእኔ ነበር።

ወንፊቱ ተጭኗል። ሲደርስህ አስገባው። ለኃላፊህ እውነቱን ንገረው። ካባረረህ ለእህቴ ሁለት ክፍል እከራይላታለሁ፣ ምንም ቢሆን እከራይላታለሁ። ከኃላፊህ በፊት ግን ለወንድምህ ንገረው። አንተ ስትናገር እኔም እዚህ እናገራለሁ፤ ቀድሜህ መናገር ግን ፈራሁ።

አክስትህ


ሰኔ ፳፩

አክስቴ፤

ወንፊቱ ደረሰ። ሳጥኑ ላይ የእጅሽ ጽሕፈት አለ።

ከክረምቱ በፊት ደለል ለመጥረግ ፓምፑ ሦስት ቀን ይቆማል። ያንን ጠብቄ ወንድሜን ጠራሁት፤ ከበሮው ለአንድ ሰው አይነሳም። የድሮውን ፍርግርግ ስንፈታ ብሎኖቹ ዝገው አንዳንዱ በእጃችን ተሰባበረ። ወንድሜ ጉድጓዱ ውስጥ እስከ ደረቱ ወርዶ ከታች ይይዝልኝ ነበር። ውሃውን በመዳፉ ዘግኖ ያያል። መዳፉ ውስጥ አምስት ስድስት ጫጩት ይፍጨረጨራል።

«ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?» አለኝ።

ነገርኩት። ፍርግርጉን እንደያዝኩ፣ እላይ ቆሜ፣ ሁሉንም ነገርኩት።

«መረቤን ስቀይር አጠገቤ ነበርክ» አለ። «ጀልባዬን ልሸጥ ነው ስልህም ነበርክ። እስቲ ንገረኝ፣ ምን ትላለህ?»

መልሴን ሳይጠብቅ «ና ያዝ» አለኝና ከበሮውን አብረን አስገባን። ብሎኑን ሁሉ አጥብቆ ሲጨርስ ልብሱን ጨምቆ ሳይሰናበተኝ ሄደ። እማዬ ከመስኮቱ «ምሳ ሳይበላ?» ብላ ጠራችው፤ አልዞረም።

አሁን ፓምፑ ሲነሳ ውሃው ቀስ ብሎ ይገባል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ምንም የለም። ሥራሽ መልካም ነው አክስቴ። ለኃላፊው ግን ገና አልነገርኩትም። ከወንፊቱ አጠገብ ቆሞ ፎቶ ተነስቷል።

የእህትሽ ልጅ


ነሐሴ ፩

ለእህቴ ልጅ፤

እኔም እስካሁን አልተናገርኩም። አለቃዬ የኃላፊህን ፎቶ በር ላይ ለጥፎታል፤ በገባሁ ቁጥር ያየኛል። በያጆቹ «የዘመድሽ ቦታ» እያሉ ለእንግዳ ያሳያሉ። እህቴ በስልክ «ልጆቼ ተኳረፉ፣ ምን ሆኑ?» ትለኛለች፤ መስመሩ አይሰማም እያልኩ እዘጋለሁ።

ንገረውና እንገላገል።

አክስትህ


ጥቅምት ፪

አክስቴ፤

ነገርኩት። እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ፣ ከዚያ የምትይውን በይኝ።

በዚህ ዓመት የእኛን ብቻ ቆጠርኩ። አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። ወረቀቱን ይዤ ገባሁና «ጌታዬ፣ ትክክለኛው ቁጥር ይሄ ነው። የበፊቱ ስልሳ ሺህ የእኛ አልነበረም፣ ከጉድጓዱ እየቀዳሁ የቆጠርኩት ነው» አልኩት። እሱ እስክሪብቶውን እንኳ አላስቀመጠም።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ አውቃለሁ። ይሄ ቢሮ መስኮት የለውም እንዴ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አንተስ?» አለኝ።

ከዚያ አስቀመጠኝና በቀስታ፣ እንደ አባት አስረዳኝ። በእኛ ቁጥር የተነሳ በሦስት ሌሎች ወንዞች ላይ ሦስት ማስፈልፈያ ሊሠራ ተፈቅዷል። መሳቢያቸው በእኛው በድሮው ልክ፣ ፍርግርጋቸው በእኛው በድሮው ልክ ነው፤ «የሠራ ነገር አይነካም» ተብሏል። አሁን አራት ሺህ ብለን ብንጽፍ ከእሱ በላይ ያሉት ሁሉ አብረው ይወድቃሉ። ልልቀቅ አልኩት። «ልቀቅ፤ ቤቱን በአሥራ አምስት ቀን ታስረክባለህ። ቁጥሩ ግን ባለበት ይቆያል» አለኝ። ወረቀቴን አጥፎ የጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ሪፖርቱ ታትሞ ሲመጣ ስልሳ ሁለት ሺህ ይላል። ከሥሩ የእኔ ስም አለ።

ያ አልበቃ ብሎ ለሦስቱ አዲስ ማስፈልፈያዎች የተቀጠሩ ሦስት ሰዎች ባለፈው ሰኞ ደብተር ይዘው መጡ። አሠራሩን ከእኔ እንዲማሩ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት፤ ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ ቤተሰብ አላቸው፣ ሥራ ያገኙት ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ ነገሩኝ። ኃላፊው ይከልክል አይከልክል ግድ አልሰጠኝም፤ ቢያንስ እነዚህን አድናለሁ አልኩ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ወስጄ አቆምኳቸውና አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። የሻገተውን ዕንቁላል፣ ባልዲውን፣ ስልሳ ሺህ የተባለው ከየት እንደመጣ፣ ወንድሜ ጀልባውን እንደሸጠ። እማዬ በመስኮቷ ትሰማለች፤ ትስማ ብዬ ድምፄን አልቀነስኩም። ስናገር ደረቴ ቀለል እያለኝ መጣ። ወንፊቱንም አሳየኋቸው፤ ከእሱ ወዲህ አንድም የወንዝ ጫጩት እዚህ እንዳልገባ፣ ቁጥራችንም ወደ አራት ሺህ እንደወረደ ነገርኳቸው።

ሁሉንም ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ሴትዮዋ ገጹን ገልብጣ ቀና አለችና፣ በጣም በአክብሮት፣ «ጌታው፣ ታዲያ እኛ ጋ ወንፊት እንዳይገባብን ማመልከት ያለብን ለማን ነው?» አለችኝ። ሦስቱም እስክሪብቶአቸውን ይዘው አፌን አፌን ያዩ ነበር።

የእህትሽ ልጅ